ባዶዋ ጣሳ

በዋሽንግተን ከተማ ደቡብ ምሥራቅ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አሮጌ ግቢ አለ። ወንዙ ዝግ ያለና ደፍረስ ያለ ነው፤ ባሕሩ ሩቅ ነው። ይሁን እንጂ ከ1927 እስከ 1975 ድረስ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰው ምን ያህል ጠልቆ በሕይወት ሊመለስ እንደሚችል ሲፈተሽ የኖረው በዚህ ግቢ ነበር። ቤቱ የጠላቂዎች ሙከራ ክፍል ይባላል። ጥልቀቱን ከባሕር አላመጡትም፤ ከብረት ሠሩት። ወፍራም የብረት ክፍል አበጁ፣ ሰው አስገብተው ዘጉ፣ አየር እያመቁ ግፊቱን ከፍ አደረጉ። ሰውየው ያለው ከከተማው አስፋልት ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው፤ ሰውነቱ ግን ሰባና ሰማንያ ሜትር ባሕር ሥር ነው።

ችግሩ መግባቱ ሳይሆን መውጣቱ ነው። በግፊት ውስጥ የተተነፈሰ ጋዝ ወደ ደምና ወደ ሥጋ ይሰርጋል። የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ በድንገት ሲነሣ እንደሚፈላው ሁሉ፣ ግፊቱ በድንገት ሲወርድ በሰውየው ደም ውስጥ አረፋ ይፈላል፤ ያሽመደምዳል፣ ይገድላል። ስለዚህ ጠላቂ ወደ ላይ የሚመለሰው ደረጃ በደረጃ፣ እየቆመ እየጠበቀ ነው። ከዚያ ብረት ክፍል ውስጥ ምንም ቢፈጠር ዘሎ መውጣት የለም።

ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1965 ፍሬድ ጃክሰንና ጆን ዩማንስ የተባሉ ሁለት ጠላቂዎች በዚህ ክፍል ውስጥ ነበሩ። በክፍሉ አየር ላይ ተጨማሪ ኦክስጅን ተለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ እሳት ተነሣ። የተነሣውም እነሱኑ ሊጠብቅ ከገባ ዕቃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየሩ ከሚያጠራው መሣሪያ ነበር። በታመቀና ኦክስጅን በበዛበት አየር ውስጥ እሳት እንደ ቤት እሳት አይያያዝም፤ ክፍሉን በአንድ ጊዜ ይሞላዋል። ሁለቱም ሞቱ። ከባሕር አንድ ጠብታ ሳይነካቸው፣ በዋና ከተማው መካከል፣ የጠላቂ ሞት ሞቱ።

የጠላቂዎች ማኅበረሰብ ለሞት የሚሰጠው መልስ እንግዳ ነው። በኢትዮጵያ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይጠራል፣ ሬሳው ይገነዛል፤ «እንዴት ሞተ?» የሚለው ጥያቄ በሹክሹክታ ይመጣል፣ አንዳንዴም ነውር ተብሎ ይተዋል። ጠላቂዎች ዘንድ ግን ከሬሳው እኩል የሚጠበቀው ዕቃው ነው። የሟቹ ጋዝ ጠርሙስ ሲዘጋ መዘውሩ ስንት ዙር እንደዞረ ይቆጠራል፤ ምን ያህል ተከፍቶ እንደነበር ከዚያ ይታወቃልና። የቀረው ጋዝ ይመረመራል። ወገቡ ላይ ያሰረው እርሳስ ይመዘናል። መተንፈሻው ማንም ሳይነካው ታሽጎ ይቀመጣል። ከዚያ ወረቀት ይጻፋል። ወረቀቱ ለማያውቀው ሰው ርኅራኄ የጎደለው ይመስላል፤ ሙሾም የለበትም። ለእነሱ ግን ለቅሶው እሱ ነው፤ የሟቹ ጓደኛ ነገ በዚያው ዕቃ የሚወርድ ነውና።

የ1965ቱ እሳትም ወረቀቱን አገኘ። ከምን እንደተነሣና አየሩ ምን እንደነበረ ተጽፎ በ1967 በውኃ ውስጥ ሕክምና ጉባኤ መድበል ውስጥ ታተመ። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 27 ቀን፣ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ የአፖሎ 1 ሦስት ጠፈርተኞች በልምምድ ላይ ሳሉ ንጹሕ ኦክስጅን በሞላበት ጎጆ ውስጥ ተቃጥለው ሞቱ። በእርግጥ ሁለቱ እሳቶች አንድ ዓይነት አልነበሩም፤ የጋዙ ቅመማም የተለያየ ነው። ቢሆንም ኦክስጅን በበዛበት ዝግ ክፍል ውስጥ እሳት ምን እንደሚያደርግ በሁለት ሰው ነፍስ የተገዛ ትምህርት አናኮስቲያ ዳር ነበረ። የጠፈር መሥሪያ ቤቱ ዋና ቢሮም እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ፣ በእግር የሚደረስ ቦታ ላይ ነበር። ወረቀት መጻፉ አንድ ነገር ነው፤ መንገድ ተሻግሮ ሌላ በር መግባቱ ሌላ ነው።

ይህ ልማድ ከየት መጣ ቢባል፣ መነሻው ማንም ሊያድናቸው ባልቻለ ሰዎች ነው። የሙከራ ክፍሉ ዋሽንግተን በገባበት በዚያው 1927፣ ዲሴምበር 17 ቀን፣ ኤስ-4 የተባለች ሰርጓጅ መርከብ ከማሳቹሴትስ ጠረፍ አጠገብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። አርባ ሰዎች ነበሩባት። ጠላቂ ወርዶ ብረቷን ሲያንኳኳ ከፊተኛው ክፍል መልስ ተሰማው፤ ስድስት ሰዎች በሕይወት ነበሩ። በመዶሻ ምት፣ ፊደል በፊደል፣ አየሩ እየከፋ መሄዱን ነገሩት፤ ተስፋ አለ ወይ ብለውም ጠየቁ። ማዕበሉ መርከቦቹን አባረራቸው። ባሕሩ ሲረጋ መልሱ ቆሞ ነበር።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በሜይ 1939፣ ስኳለስ የተባለች ሰርጓጅ መርከብ 59 ሰዎች ይዛ 74 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ስትሰጥም ሁኔታው ተለወጠ። የሙከራ ክፍሉ አለቃ ቻርልስ ሞምሰንና ሰዎቹ ከዋሽንግተን በአውሮፕላን ደረሱ። ከኤስ-4 ወዲህ የተሠራውን የማዳኛ ደወል አውርደው 33 ሰዎችን አወጡ። ሃያ ስድስቱ ገና መርከቧ ስትሰጥም ሞተው ነበር። መርከቧን ለማውጣት በተደረገው የወራት ሥራም ከስድስት መቶ ጊዜ በላይ ተጠለቀ፤ አንድ ጠላቂ አልሞተም። አራት ጠላቂዎች የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ተሸለሙ። የወረቀቱ ባህል ኩራቱን ያገኘው እዚህ ነው። ትዕቢቱንም ምናልባት።

በ1960ዎቹ የተነሣው ሐሳብ ከዚያ ሁሉ የደፈረ ነበር። ጆርጅ ቦንድ የሚባል፣ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች የገጠር ሐኪም ሆኖ የኖረ የባሕር ኃይል መኮንን፣ እንዲህ ብሎ አሰበ፦ የሰው ሥጋ ጋዝ የሚጠጣው እስኪጠግብ ነው። አንዴ ከጠገበ በኋላ አንድ ቀን ቢቆይ፣ አንድ ወር ቢቆይ፣ ወደ ላይ ለመመለስ የሚያስፈልገው ጊዜ ያው ነው። እንግዲያስ ሰው ለምን ይመላለሳል? ለምን ባሕር ሥር ቤት ሠርቶ አይኖርም? ሐሳቡ መጀመሪያ በእንስሳት ተሞከረ፣ ቀጥሎ በሰው። በ1963 ከተደረጉት የሰው ሙከራዎች አንዱ የተካሄደው በዚሁ በዋሽንግተኑ ብረት ክፍል ነበር። ከዚያ ሲላብ የተባለው የባሕር ሥር ቤት ተሠራ። በ1964 አራት ሰዎች ቤርሙዳ አጠገብ 59 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ አሥራ አንድ ቀን ኖሩ። በ1965 ካሊፎርኒያ ጠረፍ ላይ ሦስት ቡድኖች ተፈራረቁ፤ ጠፈርተኛው ስኮት ካርፐንተር ሠላሳ ቀን ባሕር ሥር ከረመ።

ሲላብ 3 ግን ጥልቀቱን በሦስት እጥፍ አሳደገው፤ 186 ሜትር። በዚያ ጥልቀት የሰው ልጅ የሚተነፍሰው በአብዛኛው ሂሊየም ነው፤ ናይትሮጅን ያሰክራል፣ ኦክስጅንም ሲበዛ ይመርዛል። ሂሊየም ድምፅን እንደ ዳክዬ ያቀጥናል፣ ይህ እንኳ ያስቃል። የማያስቀው ሙቀት መስረቁ ነው። ከተራ አየር ስድስት እጥፍ ያህል ሙቀት ያስተላልፋል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከደረት ውስጥ ሙቀት ይዞ ይወጣል። ሰውየው ከውጭ በውኃው፣ ከውስጥ በትንፋሹ ይቀዘቅዛል።

በፌብሩዋሪ 1969 ቤቱ ከሳን ክሌሜንቴ ደሴት አጠገብ ወደ ባሕር ወለል ወረደ። ሰው የለበትም። ወዲያው ሂሊየም ያፈስ ጀመር። እዚህ ላይ አንድ ውሳኔ ተወሰነ፤ ታሪኩ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ላይ ነው። ቤቱን ጎትቶ አውጥቶ መጠገን ይቻል ነበር፤ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፣ ዕቅዱም ከመነሻው ዘግይቷል። ወይም ጠላቂ ወርዶ ከውስጥ ይጠግነዋል። ሁለተኛው ተመረጠ። አራት ሰዎች በግፊት መመላለሻ ደወል ወረዱ። ከእነርሱ ቦብ ባርትና ቤሪ ካነን ከደወሉ ወጥተው ወደ ቤቱ ዋኙ። ባርት ከመጀመሪያው ሲላብ ጀምሮ የነበረ የባሕር ኃይል ሰው ነው። ካነን ወታደር አልነበረም፤ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ፣ የሲላብ 2 አባል፣ ዕድሜው ሠላሳ ሦስት። በሩን ሊከፍቱ ሞከሩ፤ እምቢ አለ። ቅዝቃዜው አሸነፋቸውና ተመለሱ፤ ደወሉም ወደ መርከቡ ተሳበ።

ከሰዓታት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን ሌሊቱ ሳይነጋ፣ ያው ሰዎች እንደገና ተላኩ። ባርት በሩን ሲታገል ዞር ብሎ ካነንን አየው፤ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ የቅዝቃዜ መንቀጥቀጥ አልነበረም። መተንፈሻ ሊያጎርሰው ሞከረ፤ ጥርሱ ገጥሟል። ባርት ራሱ አቅሙ እያለቀበት ወደ ደወሉ ደረሰ፤ ሌላው ወጥቶ ካነንን ጎትቶ አመጣው። አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ነው። ሦስቱ ጓደኞቹ ከሬሳው ጋር በአንድ ጠባብ ብረት ውስጥ ሆነው ወደ መርከቡ ተሳቡ። መውጣት ግን አልቻሉም። ሥጋቸው ሂሊየም ጠጥቷልና ግፊቱ እስኪወርድ አንድ ሳምንት ያህል በመርከቡ ላይ ባለው ክፍል ውስጥ ተዘግተው መቆየት ነበረባቸው። ከግድግዳው ማዶ፣ አንድ እጅ በማይሞላ ውፍረት፣ ሰው ይሄዳል፣ ይመረምራል፣ ይነጋገራል፤ የሟቹ ሚስትና ሦስት ልጆች መርዶ ይሰማሉ። እነሱ ግን ለቅሶ መድረስ አይችሉም። የመጨረሻውን ያዩ ሰዎች ከለቀስተኛው ሁሉ ኋላ የሚደርሱበት ሞት ነው።

ምርመራው ዕቃውን ከፈተ። ጠላቂው የተነፈሰውን አየር አጥርቶ መልሶ የሚያስተነፍሰው መሣሪያ ውስጥ አንዲት ጣሳ አለች፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚውጥ ባራላይም የሚባል ፍሬ መሰል ኬሚካል የሚሞላባት። የካነን ጣሳ ባዶ ነበረች። ያን ሌሊት የተነፈሰው የራሱን ትንፋሽ ነበር፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ ከቀደመው የባሰ መርዝ። በ1965 ሁለቱን የገደለው አየር የሚያጠራው ዕቃ መኖሩ ነበር፤ በ1969 ደግሞ አየር የሚያጠራው ነገር አለመኖሩ።

ባዶ ጣሳ ለመርማሪ እንደ በረከት ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ በፎቶ ይነሣል፣ ለጋዜጠኛ ይገባል። «ማን ሊሞላት ረሳ?» የሚለው ጥያቄም ከእሷ ጋር ይመጣል። የሁሉም ዓይን መሣሪያዎቹን ባዘጋጁት እጆች ላይ ዐረፈ። ከዚህም የከፋ ወሬ ነበረ። የፕሮግራሙ የበላይ የነበረው ጆን ክሬቨን ከዓመታት በኋላ እንደጻፈው፣ የተረፉት ሰዎች ግፊት በሚወርድላቸው ሳምንት አየራቸውን ለማበላሸት የሞከረ ሰው በመርከቡ ላይ ነበር፤ ዘበኛ እስከመቆምም ተደረሰ። የዚያ ሰው ስም ለሕዝብ አልተነገረም። አንዱ የመርሳት ታሪክ ነው፣ ሌላው የተንኮል። ሁለቱም አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ጥፋቱን ለሟቹ ቅርብ በሆነ እጅ ላይ ያቆሙታል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚል ሰው ግን ጣሳዋን አስቀምጦ ሌላ ይጠይቃል። የሚያፈስ ቤት ለምን አልወጣም? አንዴ በብርድ ተሸንፈው የተመለሱ ሰዎች በዚያው ሌሊት ለምን እንደገና ተላኩ? ማሞቂያ የሌለው ደወል 186 ሜትር ጥልቀት ላይ ምን ያደርጋል? ጣሳዋ ካነን እንዴት እንደሞተ ትናገራለች፤ እዚያ ለምን እንደነበረ አትናገርም። ቀዝቅዞና ደክሞ የነበረ ሰውነት ለመርዙ ቶሎ እጁን ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ደግሞስ አራት መሣሪያ በጥድፊያ ሲዘጋጅ ጣሳውን ከፍቶ የሚያይ ሁለተኛ ዓይን አለመኖሩ የአንድ ሰው ጥፋት ነው?

ባሕር ኃይሉ የሰጠው መልስ ዝምታ ነበር። ሲላብ ቆመ፤ ዳግም አልቀጠለም። ቦንድም ጡረታ ወጣ። ሕዝቡ የባሕር ሥር ቤት ሕልም ከካነን ጋር እንደተቀበረ አመነ። ጥበቡ ግን አልተቀበረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው በጋዝ የመጥገብ ዘዴ የሚወርዱ የባሕር ኃይል ጠላቂዎች፣ ሃሊበት ከምትባል ሰርጓጅ መርከብ ወጥተው፣ በኦኾትስክ ባሕር ወለል ላይ የሶቪየትን የስልክ ገመድ ይጠልፉ ነበር። ከሞቱ የተገኘው ትምህርት ወደ ምስጢር ገባ። ሥራው ቀጠለ፤ ተራው ጠላቂ ግን ሊያነበው አልቻለም።

ምስጢር ያልሆነው ወረቀት ደግሞ ሌላ ዕጣ ነበረው። በእነዚያ ዓመታት የመከላከያ ቴክኒክ ሰነዶች የሚከማቹት ከፖቶማክ ማዶ፣ ቨርጂንያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ በሚገኘው ካሜሮን ስቴሽን በተባለ የጦር ግቢ ነበር። የጠላቂዎች ሙከራ ክፍል ዘገባዎችም ተራ ቁጥር እየተሰጣቸው እዚያ ይገቡ ነበር። ዛሬ ካሜሮን ስቴሽን የመኖሪያ ሰፈር ሆኗል፤ ረድፍ ቤቶችና የገበያ ሱቆች አሉበት። በአሌክሳንድሪያና በአካባቢዋ ያሉት ብዙ ኢትዮጵያውያን ስሙን የሚያውቁት በኪራይና በአፓርታማ ነው።

ሲቪሉ ዓለም ዝምታውን በራሱ መንገድ ሰበረው። በ1970 በሮድ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ የጠላቂዎችን ሞት በየዓመቱ መቁጠርና መተንተን ተጀመረ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖዋ፣ ተቋቋመ። ኖዋ በ1975 የመጀመሪያውን የጥልቀት መመሪያ መጽሐፉን ሲያወጣ፣ የባሕር ሳይንቲስቱም የመዝናኛ ጠላቂውም ሊገዛው የሚችል መጽሐፍ ሆነ። ያን ጊዜ የአናጢዎች ማኅበር (የንግድ ጠላቂዎች የታቀፉበት ነው) መንግሥት አስቸኳይ የደኅንነት ሕግ እንዲያወጣ ጠየቀ። ሕጉ በ1977 ሲጸና የባሕር ሳይንቲስቶች ጮኹ፤ እኛ ቱቦ በያጅ አይደለንም፣ የራሳችን ሥርዓት አለን አሉ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ1982 ሳይንቲስቶቹ ከሕጉ ነጻ ወጡ፤ በምላሹ ራሳቸውን ሊቆጣጠሩ ቃል ገቡ። ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚያከራክር ነው። ሌላው የሚያዝበትን ሕግ ራሱ የሚጽፍ ማኅበር ወይ በጣም ጠንቃቃ ነው ወይ በጣም ለራሱ ያዳላል።

በ1980 ደግሞ ኖዋና አንድ የፌዴራል የሥራ ደኅንነት ተቋም በሰጡት ገንዘብ፣ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፒተር ቤኔት የሚመራው የጠላቂ አደጋ መረብ ተመሠረተ። ማንኛውም ጠላቂ፣ በየትኛውም ሰዓት፣ ደውሎ ሐኪም ያገኛል። የዕድር ነገር አለበት፦ ሁሉም ያዋጣል፣ ሁሉም የራሱን ቀን ይጠብቃል። ልዩነቱ ዕድሩ የሚደርሰው ከሞት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ እያለ፣ ኦገስት 17 ቀን 2006፣ ሂሊ የተባለችው የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ኃይል የበረዶ ሰባሪ መርከብ ከአላስካ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በስተሰሜን፣ በአርክቲክ በረዶ መካከል ቆመች። ሌሎቹ መርከበኞች በረዶው ላይ ወርደው እየተዝናኑ ነበር። ሁለት ጠላቂዎች፣ አንዲት መኮንንና አንድ ወጣት ባለ ማዕረግ፣ ከስድስት ሜትር ያላለፈ አጭር የልምምድ ጥልቀት አቀዱ። ሦስተኛው ልብሱ ውኃ ስላስገባበት ቀረ። ሁለቱ በገመድ ታስረው ወረዱ። ክብደት አብዝተው ነበር። ገመዱን የያዙት ሰዎች ለሥራው የተሰጣቸው ትምህርት የደቂቃዎች ማብራሪያ ብቻ ነበር። ገመዱ ሲጎትት ለቀቁለት፤ ጠላቂዎቹ መውረድ ፈልገው ነው ብለው። ገመዱ ሄደ፣ ሄደ። ወደ ላይ ሲሳቡ ከሃምሳ አምስት ሜትር በላይ ወርደው ነበር፤ ሁለቱም ሞተዋል።

ደብረ ዳሞ በገመድ የወጣ ሰው ገመድ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ላይ ያለው መነኩሴ ክርኑን ብቻ አይደለም የሚያዋሰው፤ ከታች ያለው ሰው ክብደት ሲለወጥ በእጁ ያነበዋል። ሂሊ ላይ ገመዱን የሚያነብ እጅ አልነበረም።

በእጅ የያዙትን መውቀስ ቀላል ነበር፤ ባዶዋ ጣሳ እንደገና ተገኝታለች። የዚህኛው ምርመራ ግን እዚያ አልቆመም። ዋሽንግተን ያለው የጥበቃ ኃይሉ ዋና አዛዥ አድሚራል ታድ አለን በጃንዋሪ 2007 ያወጣው ሰነድ ከገመድ ያዦቹ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ፦ ጥልቀቱን ማን ፈቀደ፣ ዕቅዱን ማን አየ፣ በመርከቧ ላይ ጥልቀት የትርፍ ሰዓት ሥራ ሆኖ ለምን ኖረ። የመርከቧ አዛዥ ከሥልጣን ተነሣ። ሟቿ መኮንን ራሷ የጥልቀቱ ኃላፊ ስለነበረች ስሕተቷ ሳይሸፈን ተጻፈ። ይህ ለቤተሰብ መራራ ነው፤ ሙት ወቃሽ አያድርገን የሚል ባህል ያለው አንባቢም ይሰቀጥጠዋል። ነገር ግን የእሷ ስሕተት የተጻፈው ከበላዮቿ ስሕተት ጋር፣ በአንድ ሰነድ ነው። ከዚያ በኋላ ጥበቃ ኃይሉ ጠላቂዎቹን ከየመርከቡ ሰብስቦ በ2008 ሥራቸው ጥልቀት ብቻ የሆነ ቋሚ ቡድኖች አደራጀ። የካነን ሞት ቤቱን ዘጋ፤ የእነዚህ ሞት ቤቱን እንደገና አሠራ።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ክርክር ከሌላ ቦታ ያውቀዋል። ጃንዋሪ 25 ቀን 2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ከቤሩት ተነሥቶ ሜዲትራኒያን ውስጥ ሲወድቅ 90 ሰዎች ሞቱ። የበረራ መቅረጫዎቹን ከባሕሩ ወለል ያወጡት የሊባኖስ ጠላቂዎች ናቸው። በ2012 የወጣው የሊባኖስ ዘገባ ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ አደረገ፤ አየር መንገዱ አልተቀበለውም። እውነቱ የትም ይሁን የት፣ ጥያቄው የሳን ክሌሜንቴው ጥያቄ ነበር፦ ምርመራው የቆመው ምክንያቱ ጋ ነው ወይስ የመጨረሻው እጅ ጋ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዋሽንግተን በስተሰሜን፣ ከጎንደር ጋር የእህትማማችነት ውል ባለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ናት። ፌንተን ስትሪት ላይ ቡና ይፈላል፣ ክትፎ ይሸጣል። ከዚያ ጥቂት መንገድ ራቅ ብሎ፣ ሜትሮው አጠገብ፣ የኖዋ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃዎች ቆመዋል፤ ደጃቸው ላይ የባሕር ወፎችን የሚለቅ ትልቅ የነሐስ እጅ አለ። ከባሕር የራቀችው ይህች ከተማ የአገሪቱ የሲቪል ጠላቂዎች መዝገብ ቤት ናት ቢባል ውሸት አይሆንም። በ1966 የተሠራው ሃይድሮላብ የተባለው የባሕር ሥር ቤትም መጨረሻው እዚያ ሆኗል። አራት ሰው የሚያሳድር በርሜል ነው። ባሃማስና ቨርጂን ደሴቶች ላይ ወደ 180 የሚጠጉ ጉዞዎች ተደርገውበት በ1985 ጡረታ ወጣ፤ መጀመሪያ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ቆሞ፣ ቆይቶ ወደ ኖዋ ግቢ መጣ።

ተተኪው አኳሪየስ በፍሎሪዳ ኪስ፣ ከኮራል አለት አጠገብ፣ 18 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ነው። ንብረትነቱ የኖዋ ነበር። ሜይ 5 ቀን 2009 በባሕር ኃይል ሥልጠና ወቅት አንድ ልምድ ያለው የቤቱ ባልደረባ ውጭ ሲሠራ ወለሉ ላይ ራሱን ስቶ ተገኘ። ጓደኞቹ ወደ አኳሪየስ አስገብተው ደረቱን እየተጫኑ ሊያነቁት ሞከሩ፤ አልሆነም። እሱም አየር መልሶ በሚያስተነፍስ መሣሪያ ነበር የሚሠራው።

ወሬው ወዲያው ወደ ሟቹ ሄደ፦ መሣሪያውን ሳያበራ ወርዶ ይሆን? መቆጣጠሪያውን አላየ ይሆን? የአርባ ዓመቱን ልማድ የሚያውቅ ሰው የት እንደሚያልቅ መገመት ይችል ነበር። መርማሪዎቹ ግን አብረው የነበሩትን ዕቃዎች ሁሉ አዩ፣ እጁ ላይ ያልነበሩትንም ጭምር። በአቅራቢያው በውኃ ኃይል የሚመታ መዶሻ ይሠራ ነበር። የመዶሻው ምት በውኃው ውስጥ የሚልከው የግፊት ሞገድ የመሣሪያውን ኤሌክትሮኒክስ ሥራውን ሊያስቆም እንደሚችል ታወቀ። ኦክስጅን የሚጨምረው ቫልቭ ዝም ይላል፤ ሰውየው መተንፈሱን ይቀጥላል፤ ኦክስጅን ሲያንስ ደግሞ ሰውነት አያስጠነቅቅም፣ ያስተኛል እንጂ። ሞቱን ያመጣው የምክንያቶች ድምር ነው ተብሎ ተጻፈ። መቆጣጠሪያውን አለማየቱም በድምሩ ውስጥ አለ፤ ብቻውን ግን አልተተወም።

በ2013 አኳሪየስ ከኖዋ እጅ ወጥቶ ወደ ፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ተላለፈ፤ ያስወጣው የሰው ሞት ሳይሆን የበጀት መቀነስ ነበር።  ከዚያ ቤት ወደ ላይ ለመመለስ አሥራ ሰባት ሰዓት ያህል ግፊት ማውረድ ያስፈልጋል። መልስ የሚያስተነፍስ መሣሪያ ይዞ የሚወርድ ሁሉ ጠዋት ጣሳውን ይሞላል፣ ባልንጀራው ቆሞ ያያል፣ ሁለቱም ወረቀቱ ላይ ይፈርማሉ።